ውሃ ያጠረው ግምጃ ቤት

ጎሬ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። የኔታ በጉብዝናቸው ጎጃም ወርደው ዜማና ቅኔ የተማሩ፣ የጣናን ደሴቶች በታንኳ የዞሩ መሪጌታ ናቸው። መምህርት መቱ ላይ ታሪክ ታስተምራለች፤ ከባልደረቦቿ ጋር ባሕር ዳር ሰንብታ መመለሷ ነው። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል።

መምህርት፦ የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ከተቆጡም ይቆጡኝ።

የኔታ፦ ጠይቂ። ቁጣው ከመልሱ በኋላ ይደርሳል።

መምህርት፦ የጣና ገዳማት ከዓለም የሸሹ ናቸው ይባላል። አስጎብኚያችንም ከወደቡ እስከ ዘጌ ይህንኑ ሲደጋግም ነበር። እኔ ግን ያየሁትም የሰማሁትም የሸሸ ሰው ቤት አልመሰለኝም። ንጉሥ ሲሞት እዚያ ይቀበር ነበር፤ ዘውድና ካባው እዚያ ይቀመጣል፤ የጉልቱ ነገር ይጻፍ የነበረው እዚያው በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ነው። ይህ ዓለምን የሸሸ ቤት ነው ወይስ ዓለም ዕቃውን በአደራ ያስቀመጠበት ግምጃ ቤት?

የኔታ፦ ዳጋን አይተሻል?

መምህርት፦ ሴት ዳጋ ትገባለች እንዴ? ዳጋም ክብራንም ለእኛ ዝግ ነው። ወንዶቹ ባልደረቦቼ ገብተው ነው በስልክ ያሳዩኝ።

የኔታ፦ እንግዲያው እኔ ልንገርሽ። ዳጋ ከውሃው ቀጥ ብሎ የወጣ ኮረብታ ነው። ከዳርቻው እስከ ጫፉ በዛፍ ጥላ ሥር ነው የምትወጪው፤ ጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብሎ ዕቃ ቤቱ። የነገሥታቱ ዐፅም ያለው እዚያ ነው። አፄ ይኩኖ አምላክ፣ አፄ ዳዊት፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ አፄ ዘድንግል፣ አፄ ፋሲል ናቸው ይላሉ አባቶች። በመካከላቸው ወደ አራት መቶ ዓመት አለ። ከሌላ ቦታ ተነሥቶ የመጣ አለ፤ እዚያው የተቀበረ አለ። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1667 ሲያርፉ ጎንደርን ያህል ከተማ፣ ያንን ግንብ የሚያህል ቤት ሠርተው ነበር። ሆኖም ማረፊያቸው ዳጋ ሆነ።

መምህርት፦ የእኔን ነገር እየደገፉልኝ ነው!

የኔታ፦ ቆይ፤ አልጨረስኩም። ንጉሥ ዐፅሙን ለማን ነው አደራ የሚሰጠው? ለመስፍን አይሰጥም፤ መስፍን ነገ ይሸፍታል። ለወንድሙም አይሰጥም። የእኔ የሚለው ለሌለው ሰው ነው የሚሰጠው። ግምጃ ቤት ነው ካልሽ ግምጃ ቤት ነው፤ ነገር ግን መነኩሴው ባይመንን ኖሮ ግምጃ ቤቱን ማን ያምነው ነበር? ሽሽቱ ነው አደራውን ያመጣው።

መምህርት፦ ይህን ቆይተን እንመርምረው። መጀመሪያ ግን ውሃው ለምን ተመረጠ? ተራራም ነበር። ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጣ አምባ ነው።

የኔታ፦ ነገሩ ከደብረ ዳሞ ነው የሚነሣው። አባ ኢየሱስ ሞአ የዳሞ ልጅ ናቸው፤ የመነኮሱት እዚያ ነው። ከዚያ ወሎ ወርደው ሐይቅ እስጢፋኖስን እ.ኤ.አ. በ1248 ገዳም አደረጉት። ቤተ ክርስቲያኑ ከእርሳቸው በፊትም ነበረ፤ ተማሪና መጽሐፍ የሞላው ግን በእርሳቸው ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት ከእርሳቸው ነው። የዳጋው አባ ሂሩተ አምላክም ከሐይቅ የወጡ ናቸው ይባላል፤ ለዚህ ነው ሐይቅም እስጢፋኖስ፣ ዳጋም እስጢፋኖስ የሆነው። ውሃ ከአምባ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ አምባ ላይ ውሃ ታጥሪያለሽ፣ እህልም ሽቅብ ትሸከሚያለሽ። ደሴት ላይ ግን ውሃው አጥርሽም መንገድሽም ነው።

መምህርት፦ መንገድ ማለትዎ ደስ አለኝ። እኛ ዛሬ አስፋልት ስለለመድን ደሴት ሩቅ ይመስለናል። አህያና በቅሎ በሚሄድበት ዘመን፣ ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ሜዳ ረግረግ ሆኖ ሲያዝ፣ በታንኳ የሚሄደው ሰው ነበር ቶሎ የሚደርሰው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ዙሪያው ጎጃምም በጌምድርም ደምቢያም ነው። ይህ ዳር አገር ነው ወይስ መሐል አገር?

የኔታ፦ ታንኳ ቶሎ ያደርሳል ያልሽው በታንኳ ስላልሄድሽ ነው። እናንተን ያደረሳችሁ ሞተር ነው። የደንገል ታንኳ ማለት የደረቀ ደንገል በነዶ በነዶ ታስሮ፣ አፍንጫው ሽቅብ ተቀልብሶ የሚሠራ ነው። ሠሪዎቹ ወይጦዎቹ ናቸው፤ በዚህ የሚያክላቸው የለም። ከጭነት በኋላ ከውሃ አውጥተሽ ፀሐይ ላይ ካላሰጣሽው ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ቢሰጣም ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። መቀመጫው ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እኔ ዳጋ የገባሁት እስከ ወገቤ ረጥቤ ነው። ማዕበል ከተነሣ ደግሞ የምታውቂውን ጸሎት ሁሉ ትጨርሺና ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ።

መምህርት፦ ግራኝ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በመጣ ጊዜስ ውሃው አዳነ?

የኔታ፦ አንቺ ንገሪኝ፤ የታሪክ መምህሯ አንቺ ነሽ።

መምህርት፦ የኢማሙ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዐረብ ፋቂህ ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሠራዊቱ ሐይቁ ዳር ደርሶ ቆመ፤ መሻገሪያ የለም። መርከብ መሥራት የሚያውቁ ዐረቦች አብረውት ነበሩና መሻገሪያ ማበጀት ተጀመረ። መነኮሳቱ ይህን ሲያዩ መልእክተኛ ላኩ፦ ወርቁን ውሰዱ፣ ቤቱን ተዉልን አሉ። ወርቁ ወጣ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተረፈ። ስለዚህ ያዳነው ውሃው አይደለም፤ ውሃው የሰጠው የመደራደሪያ ጊዜ ነው። በኋላ እንግሊዞች የዘረፉት መቅደላ አምባ ግን ያን ጊዜ አላገኘም።

የኔታ፦ ጥሩ ብለሻል። ይህን ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው። ግን ልብ አድርጊ፤ ወርቁን ሰጥተው ቤቱን አስቀሩ። መጻሕፍቱም ቀሩ። የኢየሱስ ሞአ ወንጌል፣ ከእርሳቸው ዘመን የቀረው፣ እስካሁን ሐይቅ አለ። ግምጃ ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ወርቁ ሲወጣ ነገሩ ባበቃ ነበር።

መምህርት፦ ሌላ አገርም እንዲህ ያለ ቦታ እንዳለ ያውቃሉ? ግሪክ፣ አልባኒያና ሰሜን መቄዶንያ የሚጋሯቸው ፕሬስፓ የሚባሉ ትልቅና ትንሽ ሐይቆች አሉ፤ ተራራ የከበባቸው፣ ማንም የማይደርስበት ጥግ። በትንሹ ሐይቅ ደሴት ላይ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ ቆሟል። ያሠራው የቡልጋሮች ንጉሥ ሳሙኤል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ980ዎቹ። ላሪሳ የሚባለውን ከተማ ወግቶ የቅዱስ አኪልዮስን ዐፅም ከዚያ አንሥቶ ደሴቱ ላይ አስቀመጠ።

የኔታ፦ ዐፅም ዘርፎ?

መምህርት፦ ዘርፎ። ከቢዛንታይን ንጉሥ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ሲዋጋ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1014 ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቆፈር መቃብሮች ተገኙ፤ አንደኛው የእርሱ ነው ይባላል። የቅዱሱ ዐፅምና የንጉሡ ዐፅም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ውሃ መሐል። ዳጋ ማለት አይደል? በትልቁ ሐይቅ ዳር ደግሞ ገደል ውስጥ የተሰነቀሩ የባሕታውያን ማደሪያዎች አሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1410 ገደማ የተሳለ ነው፤ በጀልባ ሄደው ደረጃ ነው የሚወጡት። ንጉሡ ከሞተ አራት መቶ ዓመት በኋላ፣ መንግሥቱም ጠፍቶ፣ ቢዛንታይንም ሊጠፋ አርባ ዓመት ሲቀረው።

የኔታ፦ ይኸው! የእኔን ነገር አመጣሽልኝ። ንጉሡ ሄደ፣ ባሕታዊው ቀረ።

መምህርት፦ ቀረ አይባልም፤ ዛሬ እዚያም ማንም የለም። ሥዕሉ ነው የቀረው።

የኔታ፦ እሺ። ሥዕሉ ቀረ።

መምህርት፦ እኔን ወደዚህ ነገር የመራኝ ግን ፕሬስፓ አይደለም፤ ጎሬ ነው። ተማሪዎቼ "እኛ ጠረፍ ነን" ይላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ያናድደኛል። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ የኢትዮጵያ መንግሥት የት ነበር? እዚህ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ እዚህ፣ ልዑል ራስ እምሩ እዚህ፣ የጥቁር አንበሳ ልጆች ወደዚህ። የእንግሊዝ ቆንስል እዚህ ነበር፤ ቡናው በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይወጣ ስለነበር። ዳር አገር የሆነችው ጎሬ ስድስት ወር መሐል አገር ሆነች። ከዳጋ ጋር አንድ ነገር አይደለም?

የኔታ፦ አይደለም። ጣልያን ኅዳር 1929 ጎሬ ሲገባ የመንግሥት ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ራስ እምሩ ወደ ከፋ ወርደው ጎጀብ ላይ ተያዙ። ጎሬ የቀሩት ማን ናቸው? አቡነ ሚካኤል። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው፤ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ የተገደሉት በ1928 ዓ.ም. ክረምት ነው። ለጣልያን አልገዛም፣ ሕዝቡም እንዳይገዛ ብለው እዚህ ጎሬ ላይ ተረሸኑ። አባቴ ያኔ ሕፃን ነበር፤ አያቴ ግን ነገሩን ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ስለዚህ አንቺ ስለ ቆንስሉና ስለ መርከቡ ስታስተምሪ ይህንንም ጨምሪ። መንግሥት መጠጊያ ያደረገውን ቦታ ጥሎት ይሄዳል፤ አደራ የተቀበለው ሰው ነው የሚቀረው።

መምህርት፦ በአቡነ ሚካኤል አልከራከርም።

የኔታ፦ አትከራከሪ።

መምህርት፦ በመነኮሳቱ ግን እከራከራለሁ። የእኔ የሚለው የሌለው አሉኝ። ዘጌን ያሳደገው ምንድን ነው? ቡና ነው። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተክለው አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ ይላሉ፤ ሰምቻለሁ። ጫካው ውስጥ ስገባ እኮ አገሬ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥር ቡናው፣ መሬቱ በወደቀ ቅጠል ርሶ፣ ጦጣው ከላይ። ልዩነቱ በየመቶ እርምጃው ቤተ ክርስቲያን መኖሩ ነው።

የኔታ፦ ዘጌ በሬ አይጠመድም፤ ከብትም አይረባም። ይህ የበትረ ማርያም ውግዘት ነው። ማረሻ ያልገባበት መሬት ስለሆነ ጫካው እስካሁን አለ። ሌላው የጣና ዳር ሁሉ ታርሶ አልቋል። ዛፉን ያቆመው ውግዘት ነው፤ የደን ጠባቂ አይደለም።

መምህርት፦ ይህን እቀበላለሁ። የእኛው ያዩ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ጣና ደግሞ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ገብተዋል፤ ዘጌ ግን ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ነው የተመዘገበችው። ነገር ግን የኔታ፣ ያን ቡና የሚለቅመው ማን ነበር? በሬ ከሌለ ሰው ነው የሚሸከመው። የሚሸከመው ባሪያ ነበር። እስከ ጣልያን መግቢያ ድረስ ዘጌ ባሪያ ነበረ። የሚመጡትም ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ነው። የእኛ ወገን ነው የምልዎት።

የኔታ፦ ...

መምህርት፦ ተቆጡ?

የኔታ፦ አልተቆጣሁም። የባሪያ ልጆች የሚባሉ ሰዎች በእኔም ጊዜ ነበሩ። ለብቻቸው ነበር የሚቀበሩት ይባላል፤ በሰንበቴ ሲቀመጡም ያስታውቅ ነበር። እኛ ተማሪዎቹ ለምነን ስንበላ ከእነርሱም ቤት በልተናል። ከሌላው ይልቅ የሚሰጡን እነርሱ ነበሩ። ይህን አስቤው አላውቅም ልልሽ አልችልም፤ አስቤዋለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩትም እንጂ። ግን ገዳሙንና ባላገሩን ለይተሽ ተናገሪ። ቡናው የባላገሩ ነው፤ ገዳሙ የራሱ ድርሻ ነበረው።

መምህርት፦ ድርሻ ካለው ንብረት አለው ማለት ነው።

የኔታ፦ ገዳም ሁሉ አንድ አይደለም። የአንድነት ገዳም አለ፤ ማዕዱ አንድ፣ ጎተራው አንድ፣ መነኩሴው ከለበሰው በቀር የእኔ የሚለው የለውም። የቁሪት ገዳም አለ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ይዞ በየጎጆው ይኖራል። ከሁለቱም የተለየ ደግሞ ባሕታዊው ነው። እርሱን አንቺም አላየሽውም፤ አስጎብኚሽም አላየውም። ቅጠልና ውሃ ይዞ ጫካ ይገባል፤ ሲሞት ነው የሚታወቀው። እናንተ ገዳም ብላችሁ የምታዩት ዕቃ ቤቱን፣ ሥዕሉን፣ የመግቢያ ቲኬቱን ነው። ከዚያ በስተጀርባ ያለውን ሰው ግምጃ ቤት ልትዪው አትችዪም።

መምህርት፦ ባሕታዊውን አልነካሁም። ንብረቱን ነው የነካሁት።

የኔታ፦ እንግዲያው ግማሹን ረታሽኝ። ሥዕሉን አየሽው ወይ?

መምህርት፦ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አየሁ። ክቡን በረንዳ አልፌ ቅኔ ማሕሌቱን ስገባ መሐል ላይ አራት ማዕዘን የሆነው መቅደስ እንደ ሣጥን ቆሟል፤ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ሥዕል ነው። በሮቹ ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ በአንደኛው ወገን ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ በላኤ ሰብእ በጥርኝ ውሃው፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶቻቸውና ከነብሮቻቸው ጋር። አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አንደኛው ጥግ ላይ ጨርቁ ከጭቃው ለቆ ተንጠልጥሏል። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ እንዳልተሳለ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጨርቅ ላይ ተስሎ ነው የተለጠፈው። በተቀደደው በኩል የክሩ ሽመና ይታያል፤ ከክሩ ሥር ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ አለ።

የኔታ፦ ጭቃ ባይሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አይጠገንም ነበር። እመቤታችንንስ?

መምህርት፦ ያቺን ነው በደንብ ያየሁት። በግራ እጇ መሐረብ ይዛለች፤ ቀኝ እጇን በግራዋ ላይ አጣምራ ሁለት ጣቷን ዘርግታለች። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሮም ውስጥ ቅዱስ ሉቃስ ሣላት የሚሏት የቢዛንታይን ዓይነት ሥዕል አለች፤ መሐረቡም ጣቱም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1569 ጀምሮ ኢየሱሳውያን ቅጂዋን ዓለም ላይ ሲያዞሩ እኛም አገር ደረሰች። ኢየሱሳውያኑን አፄ ፋሲል አባረሯቸው፤ ሥዕሏን ግን አላባረሩም። ሠዓሊዎቻችን ወሰዷትና ዐይኗን አሰፉት፣ ካባዋን ኮከብ ነሰነሱበት፤ ከዚያ በኋላ የሮም መሆኗን የሚያስታውስ ሰው የለም።

የኔታ፦ ከእርሷም በፊት ዳጋ ላይ የፍሬ ጽዮን ሥዕል አለች። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረ መነኩሴ ሠዓሊ ነው፤ ስሙን ጽፎባታል። የእኛ ሠዓሊዎች ስም መጻፍ አይወዱም፤ እርሱ ጻፈ። ሥዕሉንም በስልክ አይተሽው ይሆናል።

መምህርት፦ አይቼዋለሁ፤ በስልክ። የኔታ፣ ይህን ነገር ሳላነሣው አልሄድም። አንዱ ደሴት ላይ ወንዶቹ ወርደው ሲወጡ እኛ ሦስት ሴቶች ጀልባው ላይ ቀረን። ባለጀልባው ሙዝ ሰጠን። ወግ ነው፣ በግሪኩ የአቶስ ተራራ ገዳምም ሴት አትገባም፣ ደብረ ዳሞም አትገባም፤ አውቃለሁ። ግን ናርጋ ሥላሴን ማን አሠራው? ሴት ናት። እቴጌ ምንትዋብ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ደቅ ደሴት አጠገብ። እዚያ መግባት ተፈቅዶልን አየሁ፤ ግድግዳው ላይ ራሷ አለች፤ ሐር ለብሳ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባሯ ተደፍታ። ጎንደር ላይ ንጉሥ አንግሣ፣ አገር ስታስተዳድር የነበረች ሴት ናት። ሐይቁ ላይ ቤት ያሠራች ሴት እህቶቿ ክብራንን ከሩቅ እንዲያዩ ፈልጋ ይሆን?

የኔታ፦ የክብራን ሥርዓት ከእርሷ ይቀድማል። መነኩሴው ራሱን አያምንም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሴቷን ንቆ አይደለም፤ ራሱን ፈርቶ ነው። ከፈለግሽ የወንድ ድክመት በይው፤ እኔ አልቃወምሽም። እንጦስ ግን ከክብራን ፊት ለፊት የሴቶች ገዳም ነበር። ለሴት ደሴት አልጠፋም።

መምህርት፦ ደሴቱ ተገኝቷል፤ መጽሐፉና ዘውዱ ግን በወንዶቹ በኩል ነው የቀረው።

የኔታ፦ ... ይህንንም ጻፊው።

መምህርት፦ አሁን ደግሞ ውሃው ራሱ እየተለወጠ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ዱሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል። የትልቁ ፕሬስፓም ውሃ እየሸሸ ነው፤ በትንሹም ወደ ደሴቱ በተንሳፋፊ ድልድይ በእግር ነው የሚሻገሩት። ጣና ላይ ጨረጨራ ከተገደበ በኋላ ውሃው በመዝጊያ የሚጠበቅ ሆኗል፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ ጣና በለስ ማመንጫ ይሄዳል፤ 460 ሜጋ ዋት። ከዚያ እምቦጭ የሚባለው አረም መጣ። በሰሜኑና በምሥራቁ ዳር ውሃው አረንጓዴ ሜዳ ሆኖ ነው የሚታየው። ሰው በእጁ እየነቀለ ሲያወጣ አይቻለሁ፤ ሲደርቅ ይቀላል፤ እርጥቡ ግን ከባድ ነው፤ የነቀሉበት ቦታ ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል። ታንኳ በዚያ ውስጥ አይሄድም።

የኔታ፦ ደንገሉንም ይበላዋል። ደንገል ከሌለ ወይጦው ምን ሊሠራ ነው? እኛ ስንማር ከጎጃም ወደ ደምቢያ ስንሻገር ደንገሉ ከዳርቻው ገብቶ ሰው ይሸሽግ ነበር። አሁን ፎቶ ላይ ሳየው ዳርቻው ራቁቱን ነው።

መምህርት፦ ግምጃ ቤቱ እንግዲህ አጥሩ ፈርሷል። ሞተር ጀልባ ያለው ሁሉ ይደርሳል፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይጠይቃል። ወርቅ ሰጥተው ቤቱን የሚያስቀሩበት ጊዜ የለም። የአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ጠባቂ እኮ መብራት እንኳ የለውም፤ ወንጌሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ከቆዳ ከረጢት አውጥቶ በዕጣን ጭስ በጠቆረ እጁ ገጹን ይገልጥልዎታል። እኔ ያየሁት እንዲህ ነው፤ ማን እንደሆኑ አልናገርም። ልቤ ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ አንደኛው "እንኳን አሳዩኝ" ይላል፣ ሌላው "ተዉት፣ ዝጉት" ይላል።

የኔታ፦ ያኔ ለእኛ አይገልጡልንም ነበር። ዳጋ ሁለት ጊዜ ገብቼ ዘውዱን እንጂ መጽሐፉን አላየሁም። "ቅኔ ተማሪ መጽሐፍ ካየ መስረቅ ይጀምራል" ይሉ ነበር።

መምህርት፦ እውነት ነው?

የኔታ፦ ምኑ? መስረቃችን? አንድ ሁለት ልጅ አውቃለሁ።

መምህርት፦ እ.ኤ.አ. በ1968 ኧርንስት ሐመርሽሚት የሚባል ምሁር ከጀርመን መጥቶ የጣናን መጻሕፍት በፊልም አንሥቷል፤ የክብራንን፣ የዳጋንና የሌሎቹንም። መዘርዝሩን ከ1973 ጀምሮ አሳተመ። የክብራን ወንጌል፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተጻፈው፣ በዚያ መዘርዝር ቁጥር አንድ ነው። የጌታን ልደት፣ ጥምቀት፣ ስቅለት ከነሥዕሉ አለው፤ ሥዕሎቹም ታትመዋል። አዲስ አበባ ስማር ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አይቼዋለሁ።

የኔታ፦ የክብራንን ወንጌል?

መምህርት፦ ገጽ በገጽ።

የኔታ፦ እኔ እኮ ክብራን ሰባት ወር ተቀምጫለሁ። የወንጌሉን ማኅደር እንጂ ወንጌሉን አላየሁም! አንቺ ደሴቱን ሳትረግጪ...

መምህርት፦ ይቆጡ፣ ይቆጡ፤ መልሱ አልቋል።

የኔታ፦ ቁጣው ይቆይ። ስቅለቱ ላይ ዮሐንስ በየትኛው ወገን ነው የቆመው? መላእክቱ ጽዋ ይዘዋል? ቀለሙ ቀይ ነው ወይስ ዳማ?

መምህርት፦ ከነገ ወዲያ የታተመውን ፎቶ አምጥቼ ላሳይዎት።

የኔታ፦ ነገ አምጪው። መነጽሬንም እቤት ውስጥ ፈልጉልኝ በያቸው፤ እና በረካው ሳይቀዘቅዝ ጠጪ።